ጠቡም እንደ ጥንቱ አልሆነም

እናንተ እኩዮቼ፣ ጉልበታችሁ ደመናውን ቀድሞ ዝናብ የሚነግራችሁ፣ መነጽራችሁን ግንባራችሁ ላይ ሰቅላችሁ ቤት ሙሉ የምትፈልጉ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ወጣቶቹስ አያነቡም። ርእስ ብቻ አይተው ይፈርዳሉ፤ ወደ ውስጥ ዘልቆ ነገር መመርመር ድሮ ቀረ። እኔንም ብዕር ያስነሳኝ ትናንት የልጅ ልጄ ስልክ ላይ ያየሁት አንድ ርእስ ነው። «የፌዴሬሽኑ ውዝግብ ተባባሰ» ይላል። ከሥሩ ያለውን አላነበብኩትም፤ መነጽሬ ጠፍቶኝ ነበር። ደግሞስ ምን ማንበብ ያስፈልጋል? ገና ሳየው ደሜ ፈላ።

የየትኛው ፌዴሬሽን እንደሆነ አልያዝኩትም። የአገር ይሁን፣ የክልል ይሁን፣ የዞን ይሁን፣ ያው ነው። ያናደደኝ መጣላታቸው አይደለም። የእግር ኳስ ፌዴሬሽን የሚቋቋመው ሊጣላ ነው፤ ይህን ነቀምቴ ተወልዶ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እኔን የሚያንገበግበኝ ጠብ አለመቻላቸው ነው። መግለጫ ያወጣሉ። ጠበቃ ያቆማሉ። አንቀጽና ንኡስ አንቀጽ ይቆጥራሉ። አልፎ ተርፎም ዙሪክ ድረስ፣ ለፊፋ፣ ደብዳቤ ይጽፋሉ። ለመሆኑ ስዊዘርላንድ የተቀመጠ ፈረንጅ በእኛ ጠብ ምን አገባው? ድሮ የተበደለ ለሽማግሌ ይናገራል፤ ሽማግሌው ተሰብስቦ ቡና ይጠጣል፤ ይመርቃል፤ ጠቡም ይቀጥላል። ሁሉም በሥርዓቱ ነበር።

በእኛ ጊዜ ወለጋ አንድ ነበር። አንድ ጠቅላይ ግዛት፣ አንድ ዋና ከተማ፣ እሱም ነቀምቴ። ዛሬ አራት ቦታ ተሸንሽኗል፤ ምሥራቅ ወለጋ ነቀምቴ፣ ምዕራብ ወለጋ ጊምቢ፣ ቄለም ወለጋ ደምቢ ዶሎ፣ ሆሮ ጉዱሩ ሻምቡ። አራት ዞን፣ አራት የስፖርት ጽሕፈት ቤት፣ አራት ማህተም። ሰው ከወንድሙ ጋር ለመጣላት እንኳ በደብዳቤ ቁጥር መጻጻፍ አለበት። ድሮ ግን ሁላችንም አንዲት ኮሚቴ ውስጥ ተጠጋግተን በፍቅር ነበር የምንጣላው። ጊምቢዎቹ «ነቀምቴዎች የመግቢያውን ገንዘብ በልታችኋል» ይሉናል። እኛ «ጊምቢዎች ለዳኛው ቡና ጭናችኋል» እንላቸዋለን። ደምቢ ዶሎዎቹ ስብሰባው ካለቀ በኋላ ይደርሳሉ፤ መንገዱ ነው እንጂ ልማዳቸው አይደለም። ከዚያ እነሱ በሌሉበት የተወሰነው ሁሉ ይሻርልን ይላሉ። ይሻርላቸዋል። ክረምት ከሆነ ደግሞ መመለሻ የለም፤ ጭቃው ይይዛቸውና እዚሁ ይከርማሉ፤ ሥራ ሲፈቱ ሌላ ስብሰባ ይጠራሉ። ስብሰባ ያኔ እንደ ደምቢ ዶሎ ጠጅ ጊዜ ተሰጥቶት የሚብላላ ነገር ነበር። የዛሬዎቹ በሆቴል አዳራሽ ውስጥ፣ ውሃ በላስቲክ ጠርሙስ ተደርድሮላቸው፣ በግማሽ ቀን ተጣልተው ይጨርሳሉ። አበልም ይከፈላቸዋል። እኛ በነጻ ነበር የምንጣላው።

ማህተም ካነሳሁ አይቀር ልናገር። የሥልጣን ዘመኑ አልቆ ማህተም ይዞ የሚቀር ሰው አለ ሲሉ ሰምቼ አፈርኩ። ምን ዓይነት አስተዳደግ ነው? የእኛን የድሮ ኮሚቴ ማህተም ተመልከቱ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ጭረት ሳይነካው ሳጥኔ ውስጥ አለ። ተረካቢ ነን ብለው የመጡ ነበሩ፤ አየኋቸው፣ አላማሩኝም። አደራ አደራ ነው።

ኳሷም ቢሆን አንዲት ነበረች፤ የሊቀመንበራችን አልጋ ሥር ነበር የምታድረው። ሊቀመንበሩ ያኮረፉ ቀን ጨዋታ የለም፤ ቤታቸው ድረስ ሄዶ መለመን ነው። ዛሬ ኦዲት ይላሉ፣ ግልጽነት ይላሉ። ከዚህ የበለጠ ምን ግልጽነት አለ? ኳሷ የት እንዳለች አገር ምድሩ ያውቅ ነበር።

እስቲ ወደ ትልቁ ፌዴሬሽን ልምጣ። ምሥረታው ላይ አልነበርኩም፣ ገና አልተወለድኩም፤ ቢሆንም በደንብ አስታውሰዋለሁ። ደግሞ ዘንድሮ ሁሉ ነገር በፈረንጅ ቀን ሆኗል፤ የራሳችን የዘመን አቆጣጠር እያለ ምን የሚሉት ውርደት ነው! ፌዴሬሽኑ የቆመው እ.ኤ.አ. በ1943 ነው።

ከእሱ በፊት ግን ቅዱስ ጊዮርጊስ ነበር። አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ አራዳ ላይ በ1928 ዓ.ም. ያቋቋሙት። ልብ በሉ፣ 1928! ጣሊያን ድንበር ጥሶ ገብቶ ሰሜኑ በጦርነት ይታመሳል፤ እነሱ በረኛ ማን ይሁን እያሉ ይመካከራሉ። ዛሬ ትንሽ ካፊያ ከጣለ ጨዋታው ለሌላ ቀን ተላለፈ ይባላል። ከዚያ ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ፤ ጥቁሩን ከነጩ ለይቶ አጫወተ፤ የጊዮርጊስንም ስም ፍቆ «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» አለው። ክፉ ቀን ነበር፣ አልክድም። ነገር ግን ያኔ ስማችንን የወሰዱት በጉልበት ነው። በ2013 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊጉ ወዶና ፈቅዶ የአንድ ውርርድ ድርጅት ስም ተሸከመ፤ «ቤትኪንግ ፕሪሚየር ሊግ»! ጠላት ያልደፈረውን እኛው በውል ፈረምን።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1944፣ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሻምፒዮና ተደረገ። እንዴት ያለ ንጹሕ ዘመን! አምስት ቡድን ብቻ። አራራት የአርመኖቹ፣ ኦሎምፒያኮስ የግሪኮቹ፣ ፎርቲቱዶ የጣሊያኖቹ፣ የእንግሊዝ ጦር ሚሲዮን ቡድን፣ አምስተኛው ቅዱስ ጊዮርጊስ። ዋንጫውን ማን በላ? እንግሊዞቹ። የኢትዮጵያን ሻምፒዮና የእንግሊዝ ወታደር በልቶ ሄደ፤ ጨዋ ሕዝብ ስለነበርን አጨበጨብን። እንዲህ ያለ ውድድር ዛሬ የት ይገኛል? ዛሬማ ክለቦቻችን በረኛ ሳይቀር ከውጭ ያስመጣሉ። እግዜር ያሳያችሁ፣ በኢትዮጵያ ሊግ ላይ የውጭ ሰው! የአገር ልጅ እያለ!

ከዚያ ክፍለ ሀገሩም ገባበት። በፈረንጆቹ 1950ዎቹ ሐማሴን ሁለት ጊዜ ዋንጫ ወሰደ፤ አካለ ጉዛይም ወሰደ፤ ቀጥሎ የድሬዳዋው ኮተን ተነሣና አልቀመስ አለ። ወለጋስ የት ነበር ትሉኝ ይሆናል። ወለጋ መንገድ ላይ ነበር። ከነቀምቴ አዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ያኔ ግን በኪሎ ሜትር አልነበረም የሚለካው፣ በጭቃ ነበር። ባኮ ላይ አውቶቡሱን ትገፋለህ፣ ጌዶ ዳገት ላይ ትገፋለህ፣ አምቦ ስትደርስ እግርህ ኳስ ቀርቶ መሬት መርገጡን ይረሳል። ቡድን የሚዋሃደው እዚያ ነው! በመግፋት! ማን ከኋላ ሆኖ የሚገፋ እንደሚያስመስል፣ ማን ከልቡ እንደሚገፋ ይታወቃል፤ ያስመሳዩን ክንፍ ላይ ነው የምናሰልፈው። ዛሬ በአስፋልት ተንሸራተው በግማሽ ቀን ይገባሉ፤ ጆሯቸው ላይ ሽቦ ሰክተው፣ አንዱ ከአንዱ ሳይነጋገር። ከዚያ ተሸንፈው ሲመጡ «መናበብ ጎድሎን ነው» ይላሉ። አውቶቡስ ሳይገፉ መናበብ ከየት ይመጣል?

ደግሞ ወለጋ ዋንጫውን አልበላም ተብሎ የሚታማበት ምክንያት የለም። እኛ ቡናውን፣ ማሩን፣ ወርቁን ለአገር ያወጣን ሰዎች ነን፤ ዋንጫ እንኳ ለሌላው ይድረስ ብለን ነው።

አሁን ወደ ካርቱም ልውሰዳችሁ። የካቲት 1949 ዓ.ም.። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲቆም መሥራቾቹ አራት አገሮች ነበሩ፤ ግብጽ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያ፣ ደቡብ አፍሪካ። አራት ሰው ሲሰበሰብ ምን ጠብ ይኖራል አትበሉ፤ የአፍሪካ ዋንጫ ውድድር ሳይጀመር ደቡብ አፍሪካ ጥቁርና ነጭ ቀላቅዬ ቡድን አልልክም አለች፤ «እንግዲያውስ ደህና ሁኚ» ተባለች። ይህን ነው ጠብ የምለው! ትልቅ ጠብ፣ ለቁም ነገር የሚጣሉት ጠብ፣ በአንድ ቃል የሚያልቅ። የእኛ ተጋጣሚ ደግሞ እሷ ነበረች። ስለዚህ ኢትዮጵያ በፎርፌ አለፈች፤ አንድ ኳስ ሳትመታ የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ደረሰች። እስቲ የዛሬዎቹን ተመልከቱ፤ በማጣሪያ ስንት ጨዋታ ይሯሯጣሉ፣ ላብ በላብ ሆነው ቤታቸው ይቀራሉ። ማለፍ እንዲህ ቀላል ነገር ነበር።

በፍጻሜው ግብጽ አራት ለዜሮ አሸነፈን። አራት ሰው ቢያገባብን ኖሮ ውርደት ነበር፤ ያገባብን ግን አንድ ሰው ብቻ ነው፣ አድ ዲባ የሚሉት። የቀሩት አስሩ ግብጻውያን ምንም አላደረጉንም። ሁለተኛ ሆነን ተመለስን፤ ከሁለት ጨዋታ አንዱን ሳንጫወት፣ አንዱን ተሸንፈን፣ ሁለተኛ! የዛሬ አሠልጣኝ በዚህ ሂሳብ ሁለተኛ ይውጣና እናያለን።

ያንን ሁሉ የሚያንቀሳቅሱት ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። ጅማ ነው የተወለዱት፤ ጅማ ማለት ከበደሌ ወዲያ ነው፣ በደሌ ማለት ደግሞ ከነቀምቴ ወዲህ ነው፣ ስለዚህ የእኛ ሰው ናቸው። ለጊዮርጊስ ተጫወቱ፣ ለብሔራዊ ቡድን ተጫወቱ፣ ፌዴሬሽኑን አቆሙ፣ ቡድኑን አሠለጠኑ፤ በኋላም ከ1972 እስከ 1987 እ.ኤ.አ. የአፍሪካን ኮንፌዴሬሽን በፕሬዚዳንትነት መሩ። አንድ ሰው ነው ይህን ሁሉ! የዛሬዎቹ ለእያንዳንዱ ሥራ ለየብቻ ሰው ይቀጥራሉ፤ የበረኛ አሠልጣኝ፣ የአካል ብቃት አሠልጣኝ፣ የሥነ ልቡና ባለሙያ። ደግሞ አንድ ሰው ሁለት ወንበር ይዟል ብለው ይካሰሳሉ። ሥልጣን የሙጥኝ ማለት ነውር ነው፣ በዚህ እስማማለሁ።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ግን ምንም ይሁን አይረሳኝም። የአፍሪካ ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ፣ በእኛው ደጅ። ነቀምቴ ውስጥ ሬዲዮ ያለው ሰው ደጃፍ ላይ ተኮልኩለናል። ሬዲዮው ይንኮሻኮሻል፤ ጎል ይሁን ነጎድጓድ አይለይም። ለሁለቱም እልል እንላለን። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ፣ ወንድሙ ኢታሎ፣ መንግሥቱ ወርቁ! ግብጽን በተጨማሪ ሰዓት አራት ለሁለት። ከዚያ በፊት ቱኒዝያን አራት ለሁለት። ሁለት ጨዋታ፣ ስምንት ጎል፣ አንድ ዋንጫ፣ ጃንሆይ በእጃቸው ሰጡ፣ አለቀ። በውድድሩ ላይ የነበሩት አራት አገሮች ናቸው፤ መጠኑን የጠበቀ ነገር። ዛሬ ሃያ አራት አገር ይጠራሉ፤ ወር ሙሉ ይጫወታሉ፤ እኛን ግን ብዙ ጊዜ አይጠሩንም። ሃያ አራት ወንበር ዘርግተው ለመሥራች ቦታ ማጣት! እንግዲህ ይህን ግፍ ለማን ይናገሩታል?

ተጫወቱና እለፉ ነው መልሳቸው። ድንቄም።

የእኛዎቹ ልጆች ያመጡትን መዘዝ ደግሞ ስሙ። በ2000 ዓ.ም. ጉባኤ ተቀምጠው ፕሬዚዳንታቸውን አወረዱ፤ ፊፋ አላውቅላችሁም አለ፤ አንዱ እኔ ነኝ ሌላው እኔ ነኝ ሲባባሉ ሐምሌ ላይ አገሪቱ ታገደች። እ.ኤ.አ. ከ2010 የዓለም ዋንጫ ማጣሪያም ተሰረዝን። የዓለም ዋንጫው ደጋሽ ማን ነበረች? ደቡብ አፍሪካ። ካርቱም ላይ እኛ በር የዘጋንባት ደቡብ አፍሪካ ድግስ ደግሳ አገር ምድሩን ስትጠራ፣ እኛ ደጅ ቆመን በራሳችን ማህተም እንጣላለን። ይድነቃቸው ይህን አለማየታቸው ተመስገን ነው።

እሺ፣ እሱም አለፈ። በሰኔ 2005 ደግሞ ቦትስዋናን ሜዳዋ ድረስ ሄደን ሁለት ለአንድ ረታን፤ ደስታ ሆነ፤ በሳምንቱ ደቡብ አፍሪካንም አዲስ አበባ ላይ ሁለት ለአንድ። ከተማው ጮቤ ረገጠ። እኔም ዱላዬን ጥዬ ዘለልኩ፣ እስካሁን ወገቤን ያመኛል። ለካስ ቦትስዋና ላይ የተሰለፈው ልጅ ሁለት ቢጫ ካርድ ነበረበት! የሚቆጥር ጠፋ! ሦስት ነጥብ ተነጠቅን። ሁለት ነው እኮ፣ ሁለት መቁጠር! በእኛ ጊዜ እንዲህ ያለ ስህተት ተሰምቶ አይታወቅም። ቢጫ ካርድ የሚባል ነገር አልነበረማ። ዓለምም ቢሆን በዋንጫ ላይ ያየው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። ዳኛው የተናደደ እንደሆነ ተጫዋቹን በስሙ ጠርቶ፣ አባቱንም ጨምሮ፣ «ለአባትህ እነግራለሁ» ይለው ነበር። ማነው ከዚያ በኋላ ጠልፎ የሚጥል?

ቁጥር ካነሳን፣ ዕድሜ የሚባለው ጣጣም አለ። የእጅ አጥንት በመሣሪያ አንስተው ልጁ አሥራ ሰባት ሞልቷል አልሞላም ይላሉ። አጥንት ምን ያውቃል? በእኛ ዘመን ዕድሜ በቃል ነበር፤ «ያ ትልቁ በረዶ የጣለ ዓመት ነው የተወለድኩት» ካለ አለቀ፣ ሰው ይታመናል። እኔ ለተማሪዎች ቡድን ስጫወት የመጀመሪያ ልጄ ጥርስ አውጥታ ነበር፤ አንድ ሰው ትንፍሽ አላለም። የዛሬ ልጆች ግን ዕድሜ ይሰርቃሉ፤ ያሳፍራል።

ሲመቱ ደግሞ አያችኋቸው? ወድቆ ይንከባለላል፣ ሐኪሙ ሮጦ መጥቶ ጭስ ይረጭበታል፣ ወዲያው ተነሥቶ ይሮጣል። ምን ዓይነት ሕመም ነው ጭስ የሚያድነው? የእኛ ሰው እግሩ ከተሰበረ ተሰበረ። እናቱ አንጮቴ ቀቅላ፣ በቅቤ ለውሳ ታበላዋለች፤ ወለጋ ውስጥ አንጮቴ አጥንት እንደሚጠግን የማያውቅ የለም። በወሩ ይነሣል። እርግጥ ትንሽ ያነክሳል። ግን ማንከሱን የሚያውቀው ተከላካይ ወዴት እንደሚዞር ግራ ይገባዋል፤ ስንት ጎል ያገባነው በዚያ ነው። ዛሬ «ፕሮቲን» በቆርቆሮ ይጠጣሉ። ነቀምቴ ከተማ በከፍተኛ ሊግ ሲጫወት ባየሁ ቁጥር ልጆቹን ሰብስቤ አንጮቴ ባበላቸው እላለሁ። ስታዲየም ተሠርቶላቸዋል፣ ባለ ኮንክሪት መቀመጫ፤ የወለጋ ስታዲየም። ያምራል፣ አላማሁም፤ ወደነዋል። ግን ኮንክሪት ላይ ተቀምጦ የሚጮኽ ሰው ድምፁ ከሆዱ አይወጣም፤ ጥሩ ጩኸት ባዶ እግርን ሣር ላይ ተክሎ ነው።

ጩኸቱም ቢሆን ለማን ሆነና? ቅዳሜና እሁድ ወጣቱ ዲኤስቲቪ ቤት ታጉሮ ለለንደንና ለማንችስተር ይጮኻል። የጊምቢ ልጅ፣ የነጆ ልጅ፣ የሻምቡ ልጅ፣ ያላየውን አገር ማልያ ለብሶ ከወንድሙ ጋር ይጣላል። በእጁ የውርርድ ወረቀት ይዟል። የገዛ ሰፈሩን ቡድን ተጫዋች ስም ብትጠይቁት አያውቅም። ይህን ሁሉ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሁልጊዜ ፊት ወንበር ላይ ስለምቀመጥ ሁሉም ይታየኛል። ባለቤቱም ያከብረኛል፣ ቦታዬን ማንም አይነካም። በነገራችን ላይ የአርሰናል ተከላካዮች ማዕዘን ምት ሲመጣ ሰው መያዝ አለመቻላቸው ያሳስበኛል።

እዚያው ነው ያንን ቫር የሚሉትን መቅሠፍት ያወቅሁት። ጎል ይገባል፣ ሰው ተቃቅፎ ያለቅሳል፤ ዳኛው ጆሮውን ይዞ ይቆማል፤ ሌሎች ክፍል ውስጥ ተቀምጠው በሳጥን ይመለከቱለታል፤ ከዚያ ጎሉ አልገባም ይላል፤ በአጥቂው የእግር አውራ ጣት ልክ ከጨዋታ ውጪ ነው። የተላቀሰው ዕንባ ተመላሽ ይሁን? በእኛ ጊዜ ነገሩ እዚያው ሜዳ ላይ ያልቅ ነበር። ሁለቱ ወገን ይጮኻል፤ የበለጠ የጮኸ ወገን ጎሉን ይወስዳል። ፍትሕ ማለት ይህ ነው፤ ሁሉም ሰው ጉሮሮ አለውና።

አሁን የመጨረሻውን ልበልና ላሳርፋችሁ። ጊምቢ የሚኖር አንድ ወዳጄ አለ፤ ስሙን አላነሳም፣ ራሱን ያውቃል። ወጣት ሳለን አጥቂ ነበር፣ እኔ በረኛ። ነቀምቴና ጊምቢ ተገናኝተው፣ ግማሹን ሜዳ ከብት ይዞት፣ ዝናቡ እየወረደ፣ መታ። ይህን ሰው ልጆቹ ቫር የሚባል ነገር ስላሳዩት በእርጅናው አገረሸበት። በየሳምንቱ ይደውልልኛል፤ «ያኔ ቫር ቢኖር ኖሮ» እያለ። ስልክ መዝጋት ነውር ስለሆነ እሰማዋለሁ። ጋዜጣ አንባቢ ነውና እዚህ ላይ ይስማኝ። ኦቦ፣ ኳሱ መስመሩን አላለፈም። መስመሩ የት ነበር ካልክ፣ በአመድ ነበር የተሰመረው፣ ከእረፍት በፊት ዝናብ ወስዶታል። የዕለቱን ቃለ ጉባኤ የያዝኩት ደግሞ እኔ ነኝ። አላለፈም ይላል። ማህተም አለበት።